ከቤዎውልፍ እስከ ሚልተን በአንድ ሴሚስተር፦ ልቀጥል ወይስ ልተወው?

የማታ ሠራተኛ (ማክሰኞ)

ሰላም ለቤቱ ሰዎች። ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ነርሲንግ ለመማር እየተዘጋጀሁ ነው። ከሥነ ሰብ ዘርፍ አንድ ኮርስ መውሰድ ግዴታ ነውና፣ ከሥራ ሰዓቴ ጋር የተስማማልኝ «የብሪታንያ ሥነ ጽሑፍ ዳሰሳ፣ ክፍል አንድ» ብቻ ሆኖ ተመዘገብኩ። ቤዎውልፍ ከሚባለው የጥንት ጀግና ግጥም እንነሣለን፤ ገጣሚዎቹን ቾሰርን፣ ሼክስፒርን፣ ጆን ደንን፣ ሚልተንን አልፈን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጸሐፊ በሳሙኤል ጆንሰን እንዘጋለን። 1,000 ዓመት በ15 ሳምንት ማለት ነው።

ቤዎውልፍን በዘመናዊ እንግሊዝኛ ትርጉም ስላነበብነው አልከበደኝም፤ የጭራቁ እናትም ዘንዶውም ደስ ብለውኛል። ቾሰር ላይ፣ «የካንተርበሪ ተረቶች» ከሚባለው የግጥም መጽሐፉ ላይ፣ ስንደርስ ግን መምህርታችን «ትርጉሙን ተዉት፤ በራሱ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ አንብቡ» አለችን። ከዚያ ወዲህ ጥቂት ገጽ ለመጨረስ ሌሊቱ ይነጋል። የግርጌው ማብራሪያ ከግጥሙ ይበዛል። አብረውኝ የሚማሩት አፋቸውን በእንግሊዝኛ የፈቱ ናቸው፤ እጃቸውን እያወጡ ይከራከራሉ። እኔ የምለውን በልቤ ሳሰናዳ ርእሱ ያልፋል።

በወሩ መጨረሻ ፈተና አለ። ስም ያልተጻፈባቸው ቁራጮች ይሰጡንና ደራሲውን፣ ሥራውንና ዘመኑን ለይተን፣ ቁራጩ በሥራው ውስጥ ምን ቦታ እንዳለው እንጽፋለን። ከዚያ ደግሞ የ5 ገጽ ጽሑፍ ይከተላል። ውጤቴ ሳይነካ ኮርሱን መተው የምችለው እስከ ዓርብ ብቻ ነው። የተማራችሁትም የተዋችሁትም ምን ትሉኛላችሁ?

ከሥራ መልስ (ማክሰኞ)

እህቴ፣ አትተዪው። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ ክፍል አንድንም ክፍል ሁለትንም ወስጃለሁ፤ ያውም የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ሆኜ።

ፈተናው ስም በመሸምደድ አይታለፍም። የግጥሙን ቅርፅ እዪ፤ ባለቤቱን የሚያጋልጠው እርሱ ነው። መስመሩ መሐል ላይ ቆረጥ ብሎ፣ በዚያና በዚህ ወገን አንድ ዓይነት የመነሻ ድምፅ የሚደጋገም ከሆነና ቤት የማይመታ ከሆነ፣ የጥንቱ እንግሊዝኛ ወገን ነው። ሁለት ሁለት መስመር ቤት እየመታ የፊደሉ አጻጻፍ እንግዳ ከሆነብሽ ቾሰር ነው። 14 መስመር ካለው ሶኔት ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች ለብቻቸው ቤት ከመቱ መጀመሪያ ሼክስፒርን ጠርጥሪ። ቤት የማይመታና አንዱ ዐረፍተ ነገር አሥር መስመር ሙሉ የሚጓዝ፣ ግሱን ፈልገሽ የምታጪው ከሆነ ሚልተን ነው። ቤት እየመታ እያንዳንዱ መስመር ለሁለት ተከፍሎ ግራና ቀኙ እንደ ሚዛን ከተስተካከለ ደግሞ አሌክሳንደር ፖፕ። ይህን ይዘሽ ግቢ፤ ብዙውን ትለያለሽ።

ንባቡን ሁሉ ደግሞ በእኩል ትጋት አታንብቢ። መምህርቷ በክፍል ውስጥ ጮክ ብላ ያነበበችውን ቦታ ሁሉ ምልክት አድርጊበት። መምህር የሚወደውን ነው የሚፈትነው።

ተጠራጣሪው (ማክሰኞ)

እኔ ደግሞ ዓርብ ሳይደርስ ውጪ እላለሁ። ነርስ የምትሆን ሴት የቾሰርን ቀልድ ብታውቅ ለበሽተኛው ምን ይጠቅመዋል? ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ እ.ኤ.አ. በ1968 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ይቅር ብሎ የጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ስንቱ የአፍሪካ ልጅ ዳፎዲል የሚባል አበባ በዐይኑ ሳያይ ስለ ዳፎዲል ግጥም ሲሸመድድ አደገ! እኛ እንኳ በቅኝ ያልተገዛን ነን፤ በፈቃዳችን ገብተን ገንዘብ ከፍለን እንሸምድድ?

የቀድሞ መምህር (ረቡዕ)

ልጄ፣ ይህንኑ ኮርስ በአገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ሳስተምር ቆይቼ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቾሰር ያስቸገረሽ በዐይንሽ ብቻ ስለምታነቢው ነው። እንግሊዝኛ ዛሬ የሚታወቅበትን የአናባቢ መዛወር ያካሄደው በአብዛኛው ቾሰር በ1400 ከሞተ በኋላ ነው። በእርሱ ዘመን የተጻፈው ፊደል ይጠራ ነበር። በፊደላችን ማንበብ ለለመደ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የካንተርበሪ ተረቶችን መቅድም የመጀመሪያ መስመር በእጅሽ በፊደላችን ጻፊውና ጮክ ብለሽ አንብቢው፦ «ኋን ዛት አፕሪል ዊዝ ሂስ ሹረስ ሶተ»። ከመጨረሻ የምትቀመጠዋን አናባቢ አትዋጫት፤ ልክ እንደ ግእዙ «ተ» አሰሚያት። የሚቀጥለው መስመር «ሮተ» ብሎ ሲያርፍ ቤቱ መምታቱ ይሰማሻል፤ በዛሬ አነጋገር ካነበብሽው ግን ይጠፋል። ፈረሰኛውን ጦረኛ የዛሬው እንግሊዝኛ «ናይት» ይለዋል፤ ቾሰር የሚለው «ክኒኽት» ነው። ያችን ከጉሮሮ የምትወጣ «ኽ» ለማውጣት የክፍል ጓደኞችሽ ይታገላሉ፤ አንቺ ከቤትሽ ይዘሻት መጥተሻል። መምህርትሽ አንድ ሰው መስመር ያንብብ ስትል እጅሽን አውጪ።

ይዘቱም ቢሆን የሚያስፈራ አይደለም። ከለንደን ማዶ ሳውዝወርክ ከሚገኝ የእንግዳ ማረፊያ ተነሥተው፣ በ1170 ወደተገደለው ወደ ካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ወደ ቶማስ ቤኬት መቃብር የሚጓዙ ተሳላሚዎች ናቸው። ቁልቢ የሄደ ሰው ይህን ጉባኤ ያውቀዋል፤ ባለ ስእለቱ፣ ነጋዴው፣ ለወሬ የወጣው፣ ኪስ አውላቂው በአንድ መንገድ ላይ ነው። ከእነርሱ ሁለቱን አጥብቀሽ ያዢ። አንደኛዋ አምስት ባል ያገባችው የባዝ ከተማ ሴት ናት። አምስተኛው ባሏ የክፉ ሚስቶችን ታሪክ ከሰበሰበ መጽሐፍ ማታ ማታ እያነበበ ያበሽቃታል፤ አንድ ቀን ከመጽሐፉ ገጽ ብትገነጥልበት ይመታትና አንድ ጆሮዋ ይደነቁራል። መጽሐፍን ማን ይጽፈዋል፣ ስለ ማንስ ይጻፋል የሚለው ክርክር በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚች ሴት አፍ ተነሥቷል።

ሁለተኛው የሥርየት ወረቀት ሻጩ ነው። የሚሰብከው ስለ ስግብግብነት ክፋት ነው፤ በዚያው ስብከት ገንዘብ ይሰበስባል። የአሳማ አጥንት ይዞ የቅዱሳን አጽም ነው ይላል። ይህን ማጭበርበሩን ለመንገደኞቹ ራሱ ይተርክላቸዋል፤ ተርኮ ሲጨርስ ደግሞ ኑ አጽሙን ተሳለሙ፣ ገንዘብ አምጡ ይላቸዋል! በመካከል የነገራቸው የሦስቱ ሰካራሞች ታሪክ ግን ግሩም ስብከት ነው። የሰባኪው ነውር ስብከቱን ያፈርሰዋል ወይስ አያፈርሰውም? በዚህ ጥያቄ ላይ አፍ መፍቻው እንግሊዝኛ የሆነ ተማሪ ካንቺ የሚበልጥበት አንዳች ነገር የለውም። እንዲያውም ሰባኪ በብዛት የሰማ ሰው ይበልጠዋል።

ወንድሜ ተጠራጣሪው፣ ንጉጊ የጠየቀው አፍሪካ መሐል ትቀመጥና ሌላው በዙሪያዋ ይታይ የሚል ነው። አትንኩት አላለም።

ሊድስ ነዋሪ (ረቡዕ)

ንጉጊ ያንን ከመጻፉ በፊት የተማረው እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ናይጄሪያዊው ደራሲ ወሌ ሾይንካም ከእርሱ ቀደም ብሎ እዚሁ ነበር። ጠላታቸውን ከቅርብ አጥንተውታል ማለት ይቻላል።

ተጠራጣሪው የዘነጋው ነገር፣ የሚጠናው ዝርዝር ራሱ ከሰማይ የወረደ አለመሆኑን ነው። በብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች የሚያስተምሩበት ኖርተን አንቶሎጂ የተባለው የሥነ ጽሑፍ ስብስብ የመጀመሪያ እትሙ የወጣው በ1962 ነው፤ ያን ጊዜ በውስጡ የነበሩት ሴቶች እጅግ ጥቂት ነበሩ። ዛሬ በብዙ ክፍል የምትነበበው ማርጀሪ ኬምፕ፣ ያስጻፈችው የሕይወት ታሪክ ሙሉ ቅጂው የተገኘው በ1934 በአንድ ቤተሰብ ቤት ነው። ጆን ደንን ውሰዱ። ሳሙኤል ጆንሰን በ1779 ስለ ደንና ስለ መሰሎቹ ሲጽፍ፣ የማይገናኙ ነገሮችን በግድ ያጣመዱ ሰዎች ብሎ ነቀፋቸው። ገጣሚው ቲ. ኤስ. ኤሊየት ደግሞ በ1921 ባሳተመው መጣጥፍ ያንኑ ነቀፋ ምስጋና አደረገው። ደን ዛሬ በእያንዳንዱ የዳሰሳ ኮርስ ላይ የተቀመጠው ያ ሙግት ስለተቀለበሰ ነው። ኮርሱን የመቃብር ጉብኝት አድርጋችሁ ካያችሁት በእርግጥ ይሰለቻል፤ ሰዎቹ ግን እስካሁን እየተነታረኩ ነው።

ቤዎውልፍ ራሱ ለጥቂት ነው የተረፈው። ያለው ቅጂ አንድ ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. 1000 አካባቢ የተጻፈ። በ1731 የመጻሕፍት ሰብሳቢው የሮበርት ኮተን ቤተ መጻሕፍት ሲቃጠል ጠርዙ ተለብልቦ ወጣ። ኮተን መደርደሪያዎቹን የሚጠራቸው በላያቸው ባስቀመጣቸው የሮማ ነገሥታት ምስሎች ስም ስለነበረ፣ ቤዎውልፍ እስከ ዛሬ የቪቴልየስ መደርደሪያ መጽሐፍ ይባላል፤ «ሰር ጋዌይን እና አረንጓዴው ፈረሰኛ» የሚባለው ግጥም ደግሞ የኔሮ። ሁለቱም አሁን ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። በዚያው ሕንፃ በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉት የብራና መጻሕፍቶቻችን ተቀምጠዋል፤ ይህንንም አስታውሼ ልለፍ።

ተጠራጣሪው (ረቡዕ)

የመቅደላውን ነገር ካነሣኸው አይቀር፣ የኔን ክርክር ነው ያጠነከርህልኝ።

ሊድስ ነዋሪ (ረቡዕ)

ለማጠንከርም ለማላላትም አላነሣሁትም። እውነት ስለሆነ ነው።

የቅኔ ተማሪ (ረቡዕ)

ጆን ደን ስሙ ከተነሣ ዘንድ፦ በትርጉም ጥቂት ግጥሞቹን አይቻለሁ፤ ይህ ሰው የኛ ሰምና ወርቅ ነው እንጂ ሌላ ምንድን ነው? ሚስቱን ተሰናብቶ ሲሄድ የሁለቱን ነፍስ በኮምፓስ ሁለት እግሮች ይመስላል፤ አንዱ መሐል ተተክሎ ሌላው ይዞራል፣ የተተከለውም ወደሄደው ያዘነብላል። እህታችን ይህን በአምስት ገጽ ብትጽፈው አሜሪካኖቹን ታስደንቃለች።

የቀድሞ መምህር (ሐሙስ)

የቅኔ ተማሪው ሆይ፣ ነገሩ ያጓጓል፤ ነገር ግን አይመስለኝም። በቅኔያችን ሰሙ ወርቁን ይሸፍነዋል፤ አድማጩ ፈልቅቆ ማግኘት አለበት። ደን ግን ምንም አልሸፈነም። ነፍሳችን ኮምፓስ ናት ብሎ በግልጽ ተናግሮ፣ ከዚያ እንደ ጠበቃ በነጥብ በነጥብ ያስረዳል። የሚያስደንቀው ድፍረቱ ነው፤ ስውርነቱ አይደለም።

ኅብረ ቃል የምትፈልግ ከሆነ ለእግዚአብሔር አብ የጻፈውን መዝሙር ተመልከት። የስሙ አነባበብ «ደን» ነው፤ «ጨረስህ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር በድምፅ አንድ ነው። ኃጢአቱን እየዘረዘረ «ይህን ይቅር ብለህ ስትጨርስ አልጨረስህም፤ ገና ሌላ አለኝ» ሲል፣ በዚያው ድምፅ «ደን ገና የአንተ አልሆነም» የሚል ይሰማል። ይህች ለእናንተ ጉባኤ ትመጥናለች።

የማታ ሠራተኛ (ሐሙስ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር፣ እንዳሉኝ በፊደላችን ጽፌ ክፍል ውስጥ አነበብኩት። መምህርታችን ከየት ተማርሽው ብላ ጠየቀችኝ፤ ከየት እንደሆነ ማስረዳቱ ራሱን የቻለ ችግር ነበር። ኮርሱን አልተውም። የባዝዋን ሴት እያነበብኩ ነው፤ ግማሹ አሁንም አይገባኝም፣ የገባኝ ግማሽ ግን ያስቀኛል።

የቀረኝ የጽሑፉ ነገር ነው። ርእስ ራሳችሁ ምረጡ ተብለናል። ሌሎቹ «በሼክስፒር ሶኔቶች ውስጥ ፍቅር»፣ «በቤዎውልፍ ጀግንነት» እያሉ ነው። እኔም ከእነዚህ አንዱን ልያዝ?

ከሥራ መልስ (ሐሙስ)

አትያዢ። «ፍቅር በእንትና» የሚል ጽሑፍ መምህርቷ በየሴሚስተሩ ክምር ታነባለች። ጠባብ ነገር ፈልጊ፤ አንድ ቦታ፣ አንድ ምስል፣ አንድ ገጸ ባሕርይ።

ተጠራጣሪው (ሐሙስ)

ሳሙኤል ጆንሰን ኢትዮጵያን ረግጦ ሳያውቅ ስለ ኢትዮጵያ ልብ ወለድ ጽፏል ይባላል። ስለዚህ ድፍረት ጻፊ። እርሱን ቢሆን አነብልሻለሁ።

የቀድሞ መምህር (ሐሙስ፣ ሌሊት)

ተጠራጣሪው ሳያስበው ጥሩ በር ከፍቷል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የኢትዮጵያ ስም በዚህ ኮርስ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ጎልቶ ብቅ ይላል፤ ሦስቱም ጊዜ ስለ ገነት ሲወራ ነው። የመጀመሪያው ሚልተን ነው። በ1667 በታተመው «ፓራዳይዝ ሎስት» (የጠፋችው ገነት) በተባለው ረጅም ግጥሙ በአራተኛው መጽሐፍ፣ ዔደንን ከመግለጹ ጋር በዓለም ላይ ውብ የተባሉ ቦታዎችን ይደረድራል። ከእነዚያ አንዱ የአማራ ተራራ ነው፤ የሐበሻ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚያስጠብቁበት፣ በሚያበራ ዐለት የታጠረ፣ ለመውጣት ሙሉ ቀን የሚፈጅ፣ በዐባይ ራስ አጠገብ ያለ። አንዳንዶች እውነተኛው ገነት ይህ ነው ይላሉ ብሎም ይጨምራል። የወሬው መነሻ አምባ ግሸን ነው፤ የነገሥታቱ ወንዶች ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ የሚታሰሩበት። ፖርቱጋላዊው ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጥቶ የጻፈው ነገር እየተቀባበለ፣ እየተጌጠም፣ እንግሊዝ ደረሰ። ሚልተን በጻፈበት ጊዜ ግሸን እስር ቤት መሆኑ ከቀረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ሁለተኛው ጆንሰን ነው። ዝም ብሎ ደፋር አልነበረም፤ የመጀመሪያ መጽሐፉ በ1735 ያወጣው የኢየሱሳዊው የጀሮኒሞ ሎቦ የኢትዮጵያ ጉዞ ትርጉም ነው፤ ከፈረንሳይኛ የመለሰው። በ1759 እናቱ ስትሞት ለቀብሯ ገንዘብ ሲያስፈልገው በአንድ ሳምንት ምሽቶች «ራሴላስ»ን ጻፈ። የልዑሉ ስም ከሎቦ መጽሐፍ የተወሰደ ነው፤ የአፄ ሱስንዮስ የጦር አዛዥ የነበሩት ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ናቸው እንዲህ ተለውጠው የቀረቡት። ልዑሉ በአማራ ግዛት «የደስታ ሸለቆ» ውስጥ ይኖራል። የሚጎድለው የለም፤ የሚያሠቃየውም የሚመኘው ነገር ማጣቱ ነው። ከእህቱና ከገጣሚው ኢምላክ ጋር ተራራውን በስተውስጥ ሰርስረው አምልጠው ካይሮ ይወርዳሉ፤ ደስተኛ ሰው ይፈልጋሉ፤ አያገኙም። የመጨረሻውን ምዕራፍ ጆንሰን ራሱ «ምንም የማይደመደምበት መደምደሚያ» ብሎ ሰይሞታል። መጽሐፉን የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሶታል፤ ከተገኘ ጎን ለጎን አስቀምጠሽ አንብቢው።

ሦስተኛው ኮልሪጅ ነው፤ ክፍል ሁለት ላይ ይመጣል። በ1816 በታተመው «ኩብላ ካን» በተባለው ግጥሙ ውስጥ አንዲት ሐበሻ ልጃገረድ በበገና መሰል መሣሪያ ስለ አቦራ ተራራ ታዜማለች። በአንድ የእጅ ጽሑፉ ላይ ግን ተራራው «አማራ» ተብሏል። ገጣሚው ያን ዜማ መልሼ ብሰማ የኩብላን ቤተ መንግሥት በአየር ላይ እሠራ ነበር ይላል፤ ግን አይሰማውም።

እንግዲህ እዪ። ለሚልተን የኛ ተራራ ሐሰተኛ ገነት ነው፤ ከእውነተኛው ጋር የማይወዳደር። ለጆንሰን ሰው የሚያመልጥበት ገነት ነው። ለኮልሪጅ የጠፋ ገነት ነው፤ የቀረው ዜማው ብቻ፣ እርሱም የተረሳ። ሃይማኖተኛው፣ ምክንያት አጥባቂውና ሕልመኛው አንድን ወሬ ሲቀባበሉ የዘመናቸው ልዩነት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለኔ የዳሰሳ ኮርስ ጥቅሙ ይህ ነው፤ መጻሕፍቱን ለየብቻ ያነበበ ሰው ይህን አያይም። በማስተማር ዘመኔ ሁሉ ተማሪዎቼን አንድ ነገር ይዛችሁ ከዳር እስከ ዳር ሂዱ እላቸው ነበር፤ ከሚያነቡት ብዛት ይልቅ ይህን መፍራታቸው ይገርመኝ ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ጽሑፍሽ ስለ ኢትዮጵያ እንዳይሆን። ግሸን በእርግጥ እንዴት ነበረች የሚለው የታሪክ ትምህርት ክፍል ጉዳይ ነው። ያንቺ ጥያቄ ግጥሙ በስሙ ምን ሠራበት የሚል ይሁን።

የቅኔ ተማሪ (ዓርብ)

ይህን ሁሉ ዘመን ግሸን ስሳለም ሚልተን ስለ እርሷ መጻፉን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ተጠራጣሪው (ዓርብ)

መምህር፣ አከብርዎታለሁ፤ ነገር ግን ሦስቱም ሰዎች አገራችንን እንደ ባዶ ጓዳ ቆጥረው ሕልማቸውን አከማቹባት። በዚያ ላይ የታሠሩት ልጆች ሰዎች ነበሩ። ይህን ዝም ብሎ «የዘመን ልዩነት» ማለት ይበቃል?

የቀድሞ መምህር (ዓርብ)

አይበቃም። እንዲያውም ይኸው ተቃውሞህ በጽሑፉ ውስጥ ቢገባ እወዳለሁ። ሚልተን «ልጆቻቸውን የሚያስጠብቁበት» ሲል መጠበቁ እስር መሆኑን ያውቃል፤ በቃሉ ላይ ግን አይቆምም። ጆንሰን ግን ቆመበት፤ መጽሐፉን የጀመረው ከዚያች የብረት በር ነው።

የማታ ሠራተኛ (ቅዳሜ)

መምህርታችንን አነጋገርኳት። ርእሱን ወደደችው፤ ግን 5 ገጽ ላይ ሦስቱ አይገቡም፣ ኮልሪጅም የዚህ ሴሚስተር አይደለም ብላ ሚልተንንና ጆንሰንን ብቻ እንድይዝ፣ ከየአንዳንዳቸውም ከአንድ ቁራጭ እንዳልወጣ ነገረችኝ። ጆንሰን ቀላል ነው፤ ሚልተን ላይ ቀርቻለሁ። ቁራጩን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ዐረፍተ ነገሩ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አልያዝ አለኝ። ኢንተርኔት ላይ ያሉትን ማጠቃለያዎች ባነብ ያግዘኛል?

ከሥራ መልስ (ቅዳሜ)

ግጥሙን ከማንበብሽ በፊት ማጠቃለያውን እዪው፤ ማን ምን እንዳደረገ ካወቅሽ በኋላ ልብሽ ለቃላቱ ነፃ ይሆናል። በግጥሙ ፈንታ ማጠቃለያውን ይዘሽ ግን አትጻፊ፤ መምህርቷ ሁሉንም ታውቃቸዋለች። በማሽን አስጽፌ ላስገባ የሚል ሐሳብም እንዳይመጣብሽ፤ በኮርሱ መውደቅ ብቻ አይደለም፣ መዝገብ ላይ የሚቀር ነገር ያመጣል።

የቀድሞ መምህር (እሑድ)

ሚልተንን ለማንበብ እርሳስ ይበቃል። መጀመሪያ ዋናውን ግስ ፈልገሽ አስምሪበት። በመጽሐፉ መክፈቻ ላይ እንኳ «ዘምሪ» የሚለው ግስ የሚመጣው በስድስተኛው መስመር ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ጆሮሽ መጠበቅ ለምዷል፤ ሌሎቹ ተማሪዎች የሚደክሙት እዚህ ነው።

ያንቺ ቁራጭ የሚጀምረው «አይደለም» በሚል ቃል ነው። «ያ ውብ የኤና መስክ አይደለም፣ ያም የዳፍኔ ደን አይደለም፣ ያችም ደሴት አይደለችም፣ የአማራ ተራራም አይደለም» እያለ ይወርዳል። ገነትን የሚያሳይሽ ገነት ያልሆነውን በመደርደር ነው፤ እያንዳንዱን ቦታ አስውቦ ካሳየሽ በኋላ ይነጥቅሻል። የመጀመሪያውን፣ የኤናን መስክ፣ አትለፊው። በሮማውያን ተረት ፕሮሰርፒና የተባለችው ልጃገረድ አበባ ስትለቅም ራሷ አበባ ሆና በሙታን ንጉሥ የተለቀመችበት ነው፤ ሔዋን ገና ከመታየቷ በፊት ዕጣዋ እዚያ ተነግሯል።

ዝርዝሩ አልቆ ወደ ዔደን ሲመለስ ደግሞ ማን እየተመለከተ እንደሆነ አስተውዪ። አዳም አይደለም፣ መልአክም አይደለም። አጥሩን ዘሎ የገባው ሰይጣን ነው፤ ደስታውን ሁሉ ያለ ደስታ ያያል። የአማራን ተራራ ጨምሮ ያ ሁሉ ውበት የመጣልሽ በእርሱ ዐይን ሊሆን ይችላል። የጆንሰንን ልዑል ከዚህ አጠገብ አቁሚው፤ እርሱም በደስታ መሐል ቆሞ ደስ የማይለው ነው። ሁለቱ ተመሳሳይ ናቸው ወይስ ጆንሰን ሆነ ብሎ ገልብጦታል? አምስት ገጽሽ ይህ ነው።

ተጠራጣሪው (እሑድ)

መልሱ ገልብጦታል ነው። ሰይጣኑ ሰብሮ የገባው፣ ልዑሉ ሰብሮ የወጣው።

የማታ ሠራተኛ (እሑድ)

ተጠራጣሪው፣ ይህን ሐሳብ ልወስደው ነው፤ ትፈቅድልኛለህ?

ተጠራጣሪው (እሑድ)

ውሰጂው። ስሜን ግን እንዳትጠቅሺ፤ ከእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ ጋር መነካካቴ እንዳይሰማ።

ከሥራ መልስ (እሑድ)

ከመርሳቴ በፊት፦ ከግጥሙ ስትጠቅሺ የገጽ ቁጥር ሳይሆን የመጽሐፉንና የመስመሩን ቁጥር ጻፊ፤ የሚልተኑ ቁራጭ ከአራተኛው መጽሐፍ ከመስመር 268 ይጀምራል። ከጆንሰን ስትጠቅሺ ምዕራፉን ጻፊ። የኔ መምህር በዚህ ብቻ ነጥብ ይቀንስ ነበር።